«ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስሽ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ውጪው ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ሊፍቱ ተከፈተና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰውዬ ወጡ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ አረንጓዴ ካባ ለብሰዋል። ከራሳቸው የሚረዝም በትር ይዘዋል። ጆሮአቸው ደግሞ... ምን ልበላችሁ... እንደ ድመት ጆሮ ሹል ነው!

እኔ በበኩሌ አማተብኩ። ሰውዬው ግን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና ወደ ጨለማው ወጡ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለእህቴ «እትዬ፣ እዚህ ፎቅ ላይ ጠንቋይ አለ እንዴ?» አልኳት። ሶፋው ላይ እንደተጋደመች፣ ቀና እንኳን ሳትል «አራተኛ ፎቅ ያሉት ናቸው፤ አስተማሪ ናቸው አሉ» አለችኝ። የምን አስተማሪ? እሷ እቴ! ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሊፍት ሲወጡና ሲወርዱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ይህ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ፣ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያች ከተማ ብርድ፣ ስለ ባለካባው የፍልስፍና አስተማሪና ስለ እህቴ ነው። የሦስቱን ስም ልጠቅስላችሁ የምችለው የከተማዋን ብቻ ነው። የቀሩት ይቆዩኝ!

ለምን ሄድኩ?

ለሽርሽር ሄደ እንዳትሉኝ። እህቴ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። «እንዴት ነሽ?» ስንላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» ትላለች። ከዚያ በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ እኛ ካልደወልን ጠፋች። ብንደውልም ያው «ደህና ነኝ» ናት። እናታችን ግን እናት ናትና በዚያ «ደህና ነኝ» አልተታለለችም። «ድምጿ የሷ አይደለም፤ ሂድና ዓይኗን አይተህልኝ ና» አለችኝ። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ትኬት ተቆረጠ፤ ቪዛው በስንት መከራ ተገኘና ሄድኩ።

ዓይኗን አየሁት። አልወደድኩትም።

እህቴ የምትሠራው አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። በጨለማ ትሄዳለች፣ በጨለማ ትመለሳለች። ስትመለስ መጋረጃውን ሳትከፍት ሶፋው ላይ ትወድቃለች። ከአዲስ አበባ በጋዜጣ ጠቅልላ የወሰደችው ጀበና ሦስት ዓመት ሙሉ ከነጋዜጣው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቡና የማይጠጣበት አገር ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ውስጥ ናቸው! የጠፋው ቡናው ሳይሆን አብሮ የሚጠጣው ሰው ነው።

የኛ ክረምትና የእነሱ ክረምት

እኛ «ክረምት» ስንል የሚታየን ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተጠበሰ በቆሎና የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። የእነሱ ክረምት ሌላ ነው። ትምህርቱም ሥራውም የሚጧጧፈው በዚያው በጨለማ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ሄልሲንኪ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ገደማ ነው። ስትጠልቅ ደግሞ ገና 9 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ብርሃኑ 6 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ደመና ከሆነ (ብዙውን ጊዜ ደግሞ ደመና ነው) ያቺም የለችም። የኛ ሰዓት ፀሐይን ተከትሎ የተሠራ አይደል? እዚያ ግን «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብላችሁ መስኮት ስትከፍቱ እኩለ ሌሊት ይመስላችኋል።

ብርዱን ለብሳችሁ ትችሉታላችሁ። በረዶ ሲጥል እንዲያውም ከተማው ይበራል፤ የመንገዱ መብራት ነጩ ላይ እያረፈ ያንፀባርቃል። ክፉው በረዶው መጥቶ ሲቀልጥ፣ አስፋልቱ ጠቁሮ ሰማዩ ሲጠቁር ነው። ፊንላንዶች ኖቬምበርን የሚጠሩበት ቃል ራሱ ከሞት ጋር የተያያዘ ነው። የወሩን ስም ስትሰሙ ሙዳችሁ ቢጠፋ ይፈረድባችኋል?

የአገሩ የነፃነት ቀን ዲሴምበር 6 ነው። ከሩሲያ የተላቀቁት በ1917 ነው። የዚያን ዕለት ማታ 12 ሰዓት ላይ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ሻማ ይበራል። እኔ ከሱቅ ስመለስ ከታች ሆኜ ፎቃችንን አየሁት። በሁሉም መስኮት ሁለት ሁለት ነበልባል አለ። አንድ መስኮት ብቻ ጨልሟል። የኛ ነበር።

ከባለካባው ጋር እንዴት ተዋወቅን?

በማግስቱ መንገድ ልሻገር ስል አንድ እጅ ከኋላ ያዘኝ። ሰውዬው ናቸው! የዚያን ቀን ጆሮአቸው የሰው ጆሮ ነው። «ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሌሊት... ሾፌሩ በምን ያይሃል?» አሉኝና ከኪሳቸው በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ፕላስቲክ አውጥተው ካፖርቴ ላይ አሰሩልኝ። የመኪና መብራት ሲያርፍባት የምታበራ የዘንዶ ቅርፅ ናት። በአገሩ ሕግ እግረኛ በጨለማ ሲሄድ እንዲህ ያለ ማንፀባረቂያ ማድረግ አለበት።

ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2005) የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ላይ ሲደረግ ስታዲየም ገብተው ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ 5 ሺሁንም 10 ሺሁንም፣ ቀነኒሳ በቀለ 10 ሺሁን ሲያሸንፉ በዓይናቸው አይተዋል። እኔም በሃይ ስኩል እንግሊዝኛዬ ደፈር አልኩና «የዚያን ቀን ምን ሆነው ነው እንደዚያ የለበሱት?» አልኳቸው። ሳቃቸው ጎዳናውን ቀወጠው። የማኅበራቸው ቀን ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋንታሲ የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ። አያቶቻችን እሳት ዳር የነገሩንን የዘንዶና የንጉሥ ልጅ ተረት አስቡ። እሱ ተረት ለአዋቂ፣ በሺህ ገጽ፣ ከነካርታውና ከነቋንቋው ሲጻፍ ማለት ነው። የዚህ ድርሰት ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም እንደ ገጸ ባሕርያቱ ይለብሳሉ። መምህሩ ካባቸውን የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ የአንድ ክረምት ማታ ማታ ሥራ ነው።

በተለይ የሚወዱት እንግሊዛዊውን ቶልኪንን ነው። የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ነበር፤ ታላቁን የቀለበት መጽሐፉን ያሳተመው በ1954 እና በ1955 ነው። ፊንላንዶች ደግሞ «የኛም ነው» ይላሉ። ለምን ብትሉ፣ ቶልኪን ገና ተማሪ ሳለ ፊንላንድኛ ሰዋስው አግኝቶ በቋንቋው ፍቅር ወድቋል። ለድርሰቱ ከፈጠራቸው ቋንቋዎች አንዱን ሲያበጅም የፊንላንድኛን ለዛ ሰጥቶታል። በእጅ ጽሑፍ ሳይሆን በቃል ሲወርዱ ሲዋረዱ የኖሩትን ግጥሞቻቸውን ሰብስቦ በ1835 ያሳተመው ኤሊያስ ሎንሮት ነው፤ ስሙም ካሌቫላ ይባላል። ቶልኪን ከዚያም ታሪክ ወስዷል።

የመምህሩ አንድ ቀን

ከዚያ ወዲያ መምህሩ ቡና ሲጋብዙኝ አራተኛ ፎቅ ብቅ ማለት ጀመርኩ። ኑሮአቸው እንዴት ያለ መሰላችሁ? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ። የቁርስ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ነጭ መብራት አለ፤ 10 ሺህ ሉክስ የሚሰጥ፣ ለጨለማ ወራት ድባቴ ተብሎ የተሠራ ነው። ፊት ለፊቱ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ያነባሉ። ቡናቸውን የሚጠጡት ሙሚን በሚባሉት ክብ ክብ ፍጥረታት ሥዕል ባጌጠ ኩባያ ነው። ሙሚኖችን የፈጠረችው የሄልሲንኪ ልጅ ቶቬ ያንሶን ናት። በ1957 ባወጣችው መጽሐፍ አንዱ ሙሚን ቤተሰቡ ክረምቱን ሲተኛ እሱ ብቻ ይነቃል። ያላወቀው፣ ፀሐይ የሌለበት ዓለም ይጠብቀዋል፤ ቀስ በቀስ የክረምቱን ነዋሪዎች ይተዋወቃል። መምህሩ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ያነቡታል። «የሕፃን መጽሐፍ ይሉታል፤ እኔ ግን ስለ ብቸኝነት ከዚህ የተሻለ ለተማሪ የምሰጠው የለኝም» ይላሉ።

ከዚያ በትራም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በዚያ አገር ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው ሃይ ስኩል ፍልስፍና ማንም የማያልፈው ትምህርት ነው። እኔ 12ኛ ክፍል ስጨርስ ስለ ፍልስፍና የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር! ልጆቹ ደግሞ መምህራቸውን በስማቸው፣ «አንተ» ብለው ይጠሯቸዋል። የኛ ዩኒት ሊደር ይህን ቢሰማ...

«ክረምትና ፍልስፍና ድሮም አይዋደዱም» ብለው የነገሩኝን ልንገራችሁ። የዘመናዊ ፍልስፍና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዴካርት በ1649 የስዊድን ንግሥት ክርስቲናን ሊያስተምር ስቶክሆልም ሄደ። አርፍዶ መነሳት የለመደ ሰው ነበር። ንግሥቲቱ ግን ትምህርቱን በኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አደረገችው። ክረምቱን ሳይጨርስ በፌብሩዋሪ 1650 በሳንባ ምች ሞተ። መምህሩ «እኔ ከሱ እሻላለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ 2 ሰዓት ከሩብ ነው» ብለው ይስቃሉ።

ቀለበቱ

በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ክፍላቸው ወስደው ከኋላ አስቀመጡኝ። መስኮቱ ጥቁር ነው፤ ልጆቹ ግማሹ እያዛጋ ነው። ያን ቀን ያስተማሩት የፕላቶን ቀለበት ነው። በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ጂጂስ ስለሚባል እረኛ ታሪክ አለ። ምድር ተናውጣ በተከፈተው ስንጥቅ ገብቶ ከሬሳ ጣት ላይ ቀለበት ያገኛል። ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ታዲያ ምን ሠራ? ንግሥቲቱን አማገጠ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ዙፋኑን ወሰደ! ጥያቄው፣ ማንም የማያየው ሰው መልካም ሆኖ የሚኖረው ለምንድን ነው የሚል ነው። የቶልኪን ቀለበትም ያደረገውን ሰው ይሰውራል፤ ቀስ እያለ ደግሞ ይበላዋል።

መምህሩ «ቀለበቱ ቢኖራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «ነፃ ሲኒማ»፣ ሌላው «ፈተናውን አስቀድሜ አይ ነበር» አለ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «እኔ አልፈልገውም። ከኖቬምበር ጀምሮ ማንም አያየኝም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። ከደወሉ በኋላም አስቀርተው ሲያነጋግሯት አየሁ።

እኔ ፊንላንድኛ አልሰማም፤ የተባለውን ያወቅኩት እሳቸው በኋላ ሲተረጉሙልኝ ነው። ግን ሲተረጉሙልኝ ያየሁት ያችን ልጅ አልነበረም። ያቺ የጨለመች መስኮት ናት የታየችኝ። እህቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለበቱን አድርጋ ኖራለች!

ሳውና ውስጥ የሰማሁት

ፊንላንዶች ሊፍት ውስጥ የማያወሩትን ሳውና ውስጥ ያወሩታል። የፎቃችን ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ሳውና አለ፤ ነዋሪው በሳምንት በሳምንት ተራ ይዞ ይገባበታል። የመምህሩ ተራ ዓርብ ነው። ራቁቴን ከአስተማሪ ጎን እቀመጣለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም፤ ግን ተቀመጥኩ። ስለ እህቴ ነገርኳቸው።

ድንጋዩ ላይ ውኃ ጨመሩና ዝም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን አወሩኝ። ከዓመታት በፊት ባለቤታቸው ተለይታቸው ሄደች። ያን ክረምት ሲያስተምሩ ውለው፣ ቤታቸው ገብተው፣ በራቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። «ሰው ሁሉ እንዴት ነህ ይለኛል። እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። እንዴት ነህ ለሚል ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሰው ከኋላው ይደበቅበታል።»

ያዳናቸው የማኅበራቸው አባል የሆነ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁልጊዜ ረቡዕ ማታ ይደውልና እንዴት ነህ አይልም። «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስክ?» ነው የሚለው። የቶልኪን የቀለበት መጽሐፍ ሦስቱም ቅጽ ሲደመር 62 ምዕራፍ አለው። በሳምንት ሁለት ሁለት ቢባል 31 ሳምንት፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማለት ነው። «አላነበብኩም ማለት አፈርኩ፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ስላነበብኩት መከራከር ጀመርን። ከዚያ ሾፌሩ እየተከራከረ ቤቴ ድረስ መጣ።»

እኔ ቀድሞ ያንን ካባ ሳይ «ይሄ ሽማግሌ ምን ነክቶት ነው» ብዬ ሙድ ይዤባቸው ነበር። አፈርኩ። በዚያ ካባ ነው ከጨለማው የወጡት።

ጎንዶርና ጎንደር

ቶልኪን የተወለደው ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን፣ በየአገሩ ያሉ ወዳጆቹ በየሰዓታቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብድግ ብለው «ለፕሮፌሰሩ!» እያሉ ጽዋ ያነሳሉ። በኛ ታኅሣሥ 25 ነበር። መምህሩ ወሰዱኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ነርስ አለች፣ ተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ያ ሾፌርም አለ። ቤቱ ጠባብ፣ ጫማ በር ላይ፣ ዳቦና ኬክ ጠረጴዛ ላይ። ምን አለፋችሁ፣ የኛው የጽዋ ማኅበር ነው! የሚጎድለው ጠላው ብቻ ነበር።

ጨዋታው መሃል «ጎንዶር» የሚል ስም ሰማሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ መንግሥት ነው፤ በደራሲው ቋንቋ የድንጋይ አገር ማለት ነው። «እኛም እኮ ጎንደር አለን! አፄ ፋሲለደስ ያሠሩት የድንጋይ ግንብ አለበት፤ በፈረንጆች 1636 የተቆረቆረ ከተማ ነው!» አልኩ። የስም መገጣጠም ነው ብትሉም ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ጎንደር ሲጠይቁኝ አመሹ። ሳላውቀው ለአምስት ሰዓት ያህል ብርድም ጨለማም ረስቼ ነበር።

ቤት ስገባ እህቴ በጨለማ ተቀምጣለች። «እንዴት ነሽ» ልላት አልኩና ዋጥኩት። ከሻንጣዋ ሥር ያየሁት አሮጌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን እናታችን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማችውን እየደገመች ስታወራልን ከኔ ይልቅ የምትሰማው እሷ ነበረች። አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩትና «እትዬ፣ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርሽ?» አልኳት።

መጽሐፉን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ... «መብራቱን አብራው» አለችኝ።

ቡናው ያስነሳው ጉድ

ገና በዓል ታኅሣሥ 29 ነው። እህቴ ጀበናውን ከነጋዜጣው አወጣችው። ቡና ልትቆላ ብረት ምጣዱን ጣደች። እዚያ አገር ጢስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ በየቤቱ ጣሪያ ላይ መኖሩ ግዴታ ነው። ቡናው ቀላ ሲል ያ መሣሪያ አይጮህ መሰላችሁ! እሪ አለ! በሩን ከፈትን፤ የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። መምህሩ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ እየሮጡ መጡና ወንበር ላይ ወጥተው በዚያ አረንጓዴ ካባ ጢሱን ማራገብ ያዙ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለቻቸው አምስት ጎረቤቶች በአንዴ በራፏ ላይ ቆሙ። እህቴ በፊንላንድኛ «ቡና ነው፤ ግቡ» አለቻቸው። ገቡ። ሦስተኛዋን በረካ ሳይጠጡም አልወጡም።

ከዚያ ወዲያ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። ሐኪም ጋ ሄዳለች፤ የመምህሩን ዓይነት መብራት ገዝታለች። ከባድ ቀናትም አሉባት። ግን የካቲት ላይ ስመለስ ካፖርቷ ላይ ዘንዶዋ ተንጠልጥላ ነበር። የኔኑ ሰጥቻት ነው።

እንግዲህ ምክሬን ላድርስ። ውጪ አገር እህት ወንድም ያላችሁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን የሚኖር ጓደኛ ያላችሁ ስሙኝ። አንደኛ፣ «እንዴት ነህ» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። የሚወደውን ነገር ፈልጉና ስለ እሱ ጠይቁት፤ መጽሐፍ ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ ዳንቴል ይሁን። ቀን ቁረጡለት፤ አትቅሩ። ሁለተኛ፣ ሰው በሚወደው ነገር ላይ አትሳቁ። ለእናንተ የልጅ ጨዋታ የሆነው ለእሱ የክረምት ስንቁ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ድባቴው ሲበረታ ሐኪም ማየት የእብደት ምልክት አይደለም፤ ነውርም አይደለም።

እኔ አሁንም ረቡዕ ረቡዕ ማታ እደውላለሁ። እንዴት ነሽ አልላትም። ባለፈው ሳምንት ገና ስልኩን እንዳነሳች ቀደመችኝ፤ «አንተስ፣ ስንተኛው ላይ ደረስክ?» ብላ አፋጠጠችኝ። ለካ እኔ ሦስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ!

ቸር ይግጠመን።